አሥራ ሦስት ሜትር

የኔ ሥራ መጻፍ ነው፤ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣
ከጉሮሮ ሁሉ መሃል ዋናውን ቃል መምዘዝ።
ማክሰኞ ሁለት አጀንዳ፤ አንደኛው ስለ መጠጥ፣
ሁለተኛው ጡረታ፤ በመሃል የሻይ ሰዓት፣ ብስኩት የሚገመጥ።

አንቀጽ ስምንት ይላል፦ «አረቄ የሚቀዳበት በር
ከትምህርት ቤት አጥር ይራቅ አምስት መቶ ሜትር።»
አንዱ ተመራጭ ተነሳ፣ መነጽሩን አውልቆ፣
«ለምን ሺህ አይሆንም?» አለ፣ በነገሩ ተጨንቆ።
ሌላዋ «ግብሩስ?» አለች፤ ሦስተኛው ሰዓቱን አየ፤
እኔ «ሐሳብ ተሰጠ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቃሉ ከሰው ተለየ።

ከሻይ መልስ ጡረታ። የመውጫ ዕድሜ ይራዘም፣
መዋጮው ከፍ ይበል፣ አለዚያ ፈንዱ አይዘልቅም።
ቁጥሩ ግድግዳ ላይ በራ፤ መስመሩ ሽቅብ ወጣ፤
«ሰው ረጅም መኖር ጀመረ» አሉ፤ እንደ ጥፋት፣ እንደ ጣጣ።

*

አመሻሽ ላይ አውቶቡሱ ቱሉ ዲምቱ ጣለኝ፤
የክፍያ መንገዱ መብራት ከሩቅ ጠቀሰኝ።
ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ አስፋልቱ አልቆ ጭቃው በሚጀምርበት፣
ከቆርቆሮ አጥር ጥግ የእቴነሽ አረቄ ቤት።
በእንጨት ጫፍ የተደፋች ጣሳ ናት ማስታወቂያው፤
ከልጇ የምርቃት ፎቶ ጎን ነው የንግድ ፈቃዱ መስቀያው።

እዚያ አቶ ደቻሳ አሉ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
የውሃ ቆጣሪ ያነበቡ፣ በየሰው ግቢ ጎንበስ ቀና ሲሉ።
ወር ሲገባ ባንክ ይሰለፋሉ፤ ጡረታው ይቆጠራል፤
ግማሹ ለኪራይ፣ ግማሹ የስኳር ኪኒን ይሆናል፤
የተረፈው እቴነሽ ደብተር ላይ አንድ መስመር ይሰርዛል፤
በማግስቱ ሌላ መስመር ከሥሩ ይጻፋል።

«ምን ወሰኑ?» አለችኝ፣ መለኪያ እየወለወለች።
«ገና ነው» አልኳት። ስለ ሜትሩ ነገርኳት። እጇ ቆመች።
«እኔ ስመጣ ሜዳ ነበር፤ ጅብ ነበር ጎረቤቴ፤
ትምህርት ቤቱ ነው ቆይቶ የመጣው፣ ወደ ቤቴ።
የመንግሥት ሠራተኛ አይደለሁ፤ መዋጮ የለኝ፣ ፈንድ የለኝ፤
ጡረታዬ ይቺ ጌሾ ናት፤ ምነው ዕድሜዬን በሜትር ለኩብኝ?»

አቶ ደቻሳ መለኪያቸውን ደፉ። «ቁጥር ሳልለካ አላምንም፤
ገመድ አምጡ።» ወጣን። መሽቷል፤ ጨረቃም አልነበረችም።
የልብስ ማስጫ ገመድ ልክ አሥር ሜትር ተቆርጦ፣
የጎረቤት ልጅ በስልክ መብራት አንዱን ጫፍ ጨብጦ፣
ከበሯ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር፣ ውሻ እየጮኸብን፣
አንዴ ቆጠራ ስተን፣ እንደገና ከአንድ ጀምረን ለካን።
አራት መቶ ሰማንያ ሰባት። አሥራ ሦስት ጎደለ።
ማንም አልተናገረም። ውሻውም ዝም አለ።

አሥራ ሦስት ሜትር ስንት ነው? የአዳራሹ ምንጣፍ ርዝመት፤
ከአፈ ጉባኤው ወንበር እስከ ብስኩቱ ጠረጴዛ ያለው ርቀት።

«ሕጉ በር ነው ያለው?» አሉኝ። «በር» አልኩ። «እንግዲያ በሩ ይዙር!
የጓሮው ቆርቆሮ ይቆረጥ፤ በዚያ ይታሰብ ሜትር።»
እቴነሽ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቋረጠ፤
«በሩስ ይዙር» አለች፤ «ጉልበት በየት በኩል ይዞራል፣ አንዴ ከተቆረጠ?»

*

ሐሙስ ዳግም ስብሰባ። ሁለቱም ረቂቅ ለቋሚ ኮሚቴ ተመራ፤
«በአብላጫ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የአንቀጽ ተራ።
ከገጹ ግርጌ ባዶ ቦታ ነበረ፤ ብዕሬን አሳረፍኩ፤
«ውሻውም ዝም አለ» ልል ነበር።
ተውኩ።

ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ ከጓሮ መዶሻ ይሰማል፤
አቶ ደቻሳ ተንበርክከው፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ ተሰክቷል።
ጣሳዋ ከነእንጨቷ ተነቅላ፣ አሮጌው ደጃፍ ተጋድማለች፤
ካፊያ ጀምሯል፤ በሆዷ ጠብ ጠብ ታጠራቅማለች።